ካርቱም ላይ 11ኛ ክፍል መሆን፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። በካርቱም፣ ዴምና ጀሪፍ ሰፈር በሚገኙ የሐበሻ ቤቶች የፋሲካው ዶሮ ተገዝቷል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ልጆች የማግስቱን ልብስ እየለኩ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት እየጾሙ ነበር። በዚያ ጠዋት ከተማዋ በተኩስ ተናወጠች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በገዳሪፍ አድርጎ በገላባት በኩል ወደ መተማ የወጣ አለ፤ ወደ ፖርት ሱዳን የሸሸ አለ፤ መሄጃ አጥቶ እዚያው የቀረ አለ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ከያዘበት ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. በኋላም ወደ ቤታቸው የተመለሱ አሉ።

ልጆቹ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ብለው ማደጋቸውን አላቆሙም። ያን ጊዜ 8ኛ ክፍል የነበረችው ልጅ በ2018 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ናት። ወላጆች ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቁ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ ቡና ላይ ከተሰማ ወይም በቴሌግራም ከተላለፈ ወሬ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ከወሬው ውስጥ ጥቂት እውነት ያለበት አለ። የሚበዛው ግን ጎበዝ ልጅን በር ላይ ያስቀራል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ሰባቱን ከእውነታቸው ጋር አንድ በአንድ ላንሳ።

ተረት 1፦ «ገና 11ኛ ናት፤ 12ኛ ስትደርስ ይታሰብበታል»

እውነታው፦ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስገቡት በሮች ብዙዎቹ የሚዘጉት ልጅቷ 12ኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ የሚከፈተው እንደ ፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድሞ ለሚያመለክት ተማሪ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ለመደበኛው አመልካች ደግሞ ብዙዎቹ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ይዘጋሉ። ይህ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ መሆኑ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ገና መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው የሚያየው የመጨረሻው ሙሉ ዓመት ውጤት የ11ኛ ክፍሉ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈውም ብዙ ጊዜ የ11ኛ ክፍል መምህሯ ነው፤ የ12ኛው መምህር ገና ስሟን እያጠና ነው።

የኢትዮጵያን ፈተና ብቻ ለሚያስብም ነገሩ ያው ነው። ተማሪው በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰለፈው 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ አገር አቀፉ ፈተናም ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይወጣም። በጦርነቱና በስደቱ መሀል ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ክፍተት ይኖረዋል። ያ ክፍተት የሚሞላው በዚህ ዓመት ነው፤ በ12ኛ ክፍል ጊዜ አይገኝለትም።

ተረት 2፦ «ወረቀቱ ትምህርት ቤት አለ፤ የትም አይሄድም»

እውነታው፦ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከማውቃቸው ልጆች ብዙዎቹን ወደኋላ ያስቀራቸው ውጤታቸው አይደለም፣ ወረቀት ነው።

ዴም ውስጥ መንገድ ዳር ባንበር የሚባሉ ትንንሽ መቀመጫዎች ደርድራ ቡናና ሻይ ትሸጥ የነበረች አንዲት እናት አውቃለሁ። ከካርቱም ስትወጣ የያዘችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ የውኃ ጀሪካንና ዚፕ ያላት ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ነበር። ፋይሏ ውስጥ የልጆቿ የውጤት ካርድ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ ተደርድሯል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ ሳይቀር አለ። ራሷ ማንበብ ስለማትችል የእያንዳንዱን ልጅ ወረቀት በተለያየ ቀለም ክር አስራዋለች። መተማ ደርሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስገባት ስትሄድ መዝጋቢው የጠየቃትን ሁሉ ከዚያች ፋይል አወጣች። አብረዋት የተሰደዱ የጎረቤቷ ልጆች ከክፍል ክፍል እየበለጡ የመጡ ነበሩ፤ ወረቀታቸው ግን የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። አንድ ክፍል ዝቅ ብለው ካልሆነ አንመዘግብም ተባሉ።

11ኛ ክፍል ያለ ልጅ ዘንድሮ በእጁ ሊያስገባቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ማኅተም ያለበት፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የ11ኛው፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት ወይም የስደተኛ መታወቂያ። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለራሱ ኢሜይል መላክ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ አገር ላለ ዘመድ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ስልክ ይሰረቃል፣ ቤት ይቃጠላል፤ ዘመድ ጋ የተላከው ግን ይገኛል።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። የሱዳን ፎርም አራት ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ፓስፖርት የሚይዘው ሦስት ነው። አራተኛውን ለመሙላት አንዱ ቅድመ አያቱን ይጨምራል፣ ሌላው የአያቱን ስም ይደግማል። በዚያ ላይ ዓረብኛ «ጰ» የለውም፤ ጴጥሮስ ቢሮ ገብቶ ቡጥሮስ ሆኖ ይወጣል። «ገ»ም አለች። የሱዳን ሰው «ገ»ን ብዙ ጊዜ በ«ቃፍ» ይጽፋታል፤ ገዳሪፍ ራሷ እንኳ በዓረብኛ የምትጻፈው በዚያው ፊደል ነው። ስለዚህ በካርቱም ወረቀት ላይ በቃፍ የተጻፈው ገብሬ፣ ሌላ አገር ያለ ተርጓሚ ሲያነበው ቀብሬ ይሆናል። ማመልከቻ ተቀባዩ ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ያያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ። ፓስፖርት ወይም የስደተኛ መታወቂያ ላይ ያለውን አጻጻፍ መሪ አድርጎ ሌላውን ሁሉ ወደዚያ ማስተካከል፣ የማይስተካከለውን ደግሞ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ከኤምባሲ ወይም ከሚመለከተው ቢሮ ማውጣት ነው። ይህን ለመጨረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። የማመልከቻው ማብቂያ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው የተጀመረ የስም ማስተካከያ ግን ለዚያ ዓመት አይደርስም።

ተረት 3፦ «12ኛ የትም ይጨረስ፣ ወረቀቱ ያው ነው»

እውነታው፦ ካርቱም ያደገ የሐበሻ ልጅ ፊት ሁለት መንገድ አለ፤ መንገዶቹም አይመሳሰሉም። አንዱ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። መጨረሻው ስድስት የትምህርት ዓይነት ያለው፣ እያንዳንዱ ከ100 የሚታሰብ አገር አቀፍ ፈተና ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ለሁሉም ናቸው፤ የተፈጥሮ ሳይንሱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ሁለተኛው ሸሃዳ የሚባለው የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ነው። ዓረብኛ፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ መሠረቱ ናቸው፤ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በመቶኛ የሚሰላው ውጤት ነው።

ሸሃዳን የሚመርጥ ቤተሰብ ስለ ቋንቋው አስቀድሞ ያስብ። የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ውሳኔ ማስተማሪያቸውን ወደ ዓረብኛ እንዲያዞሩ ታዘዋል። በገበያና በረክሻ ላይ ዓረብኛ የሚያቀላጥፍ ልጅ ፉስሃ በሚባለው የመጻሕፍት ዓረብኛ የተጻፈ መጽሐፍ ሲከፍት ሌላ ቋንቋ ሊመስለው ይችላል። በእንግሊዝኛ በማስተማር የሚታወቀው የኦምዱርማኑ አህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መነሻው ባቢክር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ለሴት ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ግን የግል ስለሆነ ክፍያ አለው።

የዓመታት ቆጠራውም ይለያያል። ሱዳን ለብዙ ዓመታት የተጠቀመችበት መሰላል 8 ዓመት መሠረታዊና 3 ዓመት ሳነዊያ (ሁለተኛ ደረጃ) ነበር፤ ተደምሮ 11 ነው። በዚያ መሰላል የተማረ ልጅ 11ኛ ዓመቱ ላይ ሸሃዳውን ተፈትኖ ጨርሷል። 12 ዓመት የትምህርት ማስረጃ የሚጠይቅ አገር ግን አንድ ዓመት ጎድሏል ሊለው ይችላል። በኋላ መሰላሉ ወደ 6፣ 3 እና 3 ስለተቀየረ፣ ልጃችሁ በየትኛው መሰላል ላይ እንዳለ ከትምህርት ቤቱ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ፈተናው መቼና የት እንደሚሰጥ ማወቅም ከዝግጅቱ አንዱ ነው። በ2015ቱ ጦርነት ሸሃዳቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች የተፈተኑት ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዓመት ተኩል በላይ ጠብቀዋል። ኢትዮጵያ ለመማር ያሰበ ደግሞ ሁለት ቢሮ ይወቅ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ የውጭ አገር ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ጥያቄውን ለሁለቱም ዛሬ፣ በ11ኛ ክፍል፣ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል።

ተረት 4፦ «ስደተኛ ዩኒቨርሲቲ አይገባም»

እውነታው፦ ይገባል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ከአንደኛ ደረጃ በላይ ባለው ትምህርት፣ የውጭ ምስክር ወረቀትን በመቀበልና ከክፍያ ነጻ በማድረግ ጭምር፣ ስደተኛው ቢያንስ እንደሌላው የውጭ ዜጋ እንዲታይ ይላል። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሠራው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚማሩ ስደተኞች የትምህርት ክፍያና መተዳደሪያ ይሰጣል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ዳፊ የሚከፍለው በተጠለሉበት አገር ለሚማሩ ነው፤ ወደ ሌላ አገር አይልክም። ደግሞ ለተመዘገበ ስደተኛ ነው። በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ካርቱም የሚኖር ወይም ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰ ልጅ በዚህ በር አይገባም፤ ሌላ በር ይፈልግ።

ውድድሩ ከባድ መሆኑን አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ካሉ ለዩኒቨርሲቲ ዕድሜ የደረሱ ስደተኞች ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት የገቡት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የስደተኞች ኮሚሽኑና አጋሮቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ግብ ይዘዋል፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ከፍ ያደረጉት ደግሞ «አይሆንልኝም» ሳይሉ ማመልከቻ የሞሉ ልጆች ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ብዙ ልጆች የስደት ኑሯቸውን ያፍሩበታል፣ ይደብቁታል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ማመልከቻ ግን እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰት የሚጠይቀው ልጁ ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው። እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ የምታስተረጉም፣ ማታ ታናናሾቿን በባትሪ መብራት የምታስጠና ልጅ የምትጽፈው አላት። ድርሰቱን በዚህ ዓመት በአማርኛ ትጀምረው፤ እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል።

ተረት 5፦ «ሜዲሲን ወይም ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው»

እውነታው፦ ወላጅ ይህን የሚለው ከፍቅር ነው። ሰው ቤት ተቀጥሮ፣ ፀሐይ ላይ ሻይ ሸጦ ያስተማረ ሰው ልጁ ዶክተር ሲባል መስማት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ነርሲንግ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ኮምፒውተር፣ አስተርጓሚነት በየሄዱበት አገር እንጀራ የሚሆኑ ሙያዎች ናቸው። በተለይ ለእኛ ልጆች ቋንቋ ሀብት ነው። አማርኛ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ አንድ ላይ የያዘ ወጣት በእርዳታ ድርጅትም በንግድም ይፈለጋል። 11ኛ ክፍል ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን ትሆኛለሽ?» ሳይሆን «የትኛውን መጽሐፍ ሳትጠየቂ ትከፍቻለሽ?» ቢሆን መልሱ ወደ ትክክለኛው ትምህርት ክፍል ይመራል።

ተረት 6፦ «50 ካላመጣ አበቃ»

እውነታው፦ ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ቢሻሻልም ዛሬም ከአሥር ተፈታኝ ከዘጠኝ የሚበልጡት 50 በመቶ አይደርሱም።

እንግዲህ ዘጠኙ ሁሉ አበቃላቸው ማለት ነው? አይደለም። በየዓመቱ በሚወሰነው መቁረጫ ነጥብ መሠረት ወደ 50 የተጠጉት ሬሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ተከታትለው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት መንገድ አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ፤ በደረጃ እያደጉ ሙያ ይዘው የሚወጡበት ነው። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም ይቻላል። 11ኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ከእነዚህ አንዱን ሁለተኛ ዕቅዱ አድርጎ በወረቀት ቢጽፍ፣ ፈተናው አዳራሽ የሚገባው ሕይወቱ በሦስት ቀን እንደምትወሰን እየተንቀጠቀጠ አይሆንም። ሰላም ያለው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

መግባት የመጨረሻው ደጅ እንዳልሆነም ይታወቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ነው። በሽምደዳ የገባ ልጅ መውጫው ላይ ይቸገራል።

ተረት 7፦ «ስኮላርሺፕ ያለ ሰው አይገኝም፤ ለደላላ መክፈል ነው»

እውነታው፦ ይህ ከሰባቱ ሁሉ አደገኛው ነው፤ ካርቱም ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ለብዙ ዓመታት ወደ ሊቢያ የሚወስደው መንገድ መናኸሪያ ሆና ኖራለች፤ «ትምህርት አለ» እየተባለ የተጀመረ ጉዞ የት እንደሚያበቃ ልጃቸውን ያጡ እናቶች ይናገራሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በነጻ ነው፤ ያለፈ ተማሪ የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ የወር ገንዘብ፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትና የአውሮፕላን ትኬት ያገኛል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ21 በታች መሆን አለበት፤ ትምህርቱ ለተጓተተበት ልጅ ይህን ማወቅ ወሳኝ ነው። ዳፊም ማመልከቻ አያስከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው በኢንተርኔት የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ግን የማመልከቻና የየኮርሱ ምዘና ክፍያ አለው፣ መብራትና ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ዲግሪው ልትሠሩበት በምታስቡት አገር ተቀባይነት እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደላላን በሦስት ነገር ትለዩታላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የማይጠይቀውን ገንዘብ በእጅ ይጠይቃል፤ ኦሪጅናል ፓስፖርትና ኦሪጅናል ውጤት ስጡኝ ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካለ ሰው ጋር በቀጥታ እንድትጻጻፉ አይፈልግም። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ተነሱና ሂዱ። ኦሪጅናል ወረቀት ከቤት አይውጣ።

በዚህ ሳምንት

ስለ ሩቁ ብዙ አወራን፤ ለዚህ ሳምንት ሥራው ትንሽ ነው። አንድ ፋይል ግዙ። የልጃችሁን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አብራችሁ አንብቡ። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት በር ጻፉ፦ አንዱ በጣም የምትመኙት፣ ሁለተኛው በያዛችሁት ውጤት የሚደረስበት፣ ሦስተኛው ሁለቱ ባይሆኑ ልጁ ቤት ሳይቀመጥ የሚቀጥልበት። ከየበሩ አጠገብ ማብቂያ ቀኑን አስፍሩ። ከዚያ ልጁ ከመምህሮቹ መሀል በደንብ የሚያውቀውን አንዱን ሄዶ «ቲቸር፣ በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» ብሎ ይጠይቅ።

ያቺ ቡና የምትሸጠው እናት ትልቋ ልጇ ዘንድሮ 11ኛ ናት። ባለፈው ስትደውልልኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ለዩኒቨርሲቲው ወረቀት ምን ዓይነት ክር ልሰርለት?» አለችኝ።